«አልሰማንም» ያልነው ሰምተን ነው!

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት በልደታ በአንድ የእድር አዳራሽ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንዲት የቀድሞ አቤቱታ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ በጠየቁት መሠረት ትተነዋል።)



«ስለ ሴቶች ጥቃት አንድ ነገር ተናገሪ» ስባል መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ምሁር አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ልደታ፣ መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ በታይፕ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ራፖር ጸሐፊ የምትሉን ማለት ነው። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ማወቅና ስላለማወቅ ከኔ ይልቅ ማን ይናገር? የስንቱን ጉድ የሰማሁት እኔ ነኝ። የሰማሁትን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ልመክራችሁ ሳይሆን ልናዘዝ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

የጭቃው ግድግዳ

ነባሮቹ የልደታ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም በፊት የሁላችንም ግድግዳ ጭቃ ነበር። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው ብቻ ሳይሆን የምጣዱ ድምፅ ይሰማል። ማን እንዳሳለው፣ ማን አምሽቶ እንደገባ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ሌሊት ሴት ስትደበደብ ያ የጭቃ ግድግዳ ባንዴ ድንጋይ ይሆናል! ጠዋት ቡና ላይ ፊቷ አብጦ ስትመጣ «ምን ነካሽ?» እንላታለን። «በር መታኝ» ትላለች። እኛም «አይ የዚህ በር ነገር!» ብለን ስኒ እናቀብላለን። እንዲያው ለመሆኑ ልደታ ውስጥ ስንት በር ነው ሴት ሲመታ የኖረው?

የሕግ ሰዎች «ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» ይላሉ። ደግ! የጎረቤትን ጩኸት አለማወቅስ ይቅርታ የሚያሰጠው በየትኛው አንቀጽ ነው? ወገኖቼ፣ አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወሬው ሳይደርሰን የቀረ ነው። ሌላው ደጃፋችን ድረስ መጥቶ እኛ የመለስነው ነው። ይኸኛው አለማወቅ አይባልም። ሥራ ነው፤ በየቀኑ ተጠንቅቀን የምንሠራው ሥራ።

ለዚህ ሥራችን ደግሞ ተረት አዘጋጅተንለታል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እንላለን። ልብ በሉ! ተረቱ «ሴት አታውቅም» አይልም። ማወቋን አምኖ ነው የሚነሳው። ታውቃለች፣ ግን እውቀቷ ሚዛን የሚደፋው ወንድ ሲደግመው ነው ባይ ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የምታውቁ አላችሁ? ዓይነ ሥውር ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ወንዶች ተማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። እዚያ ጉባኤ ላይ በወንድ ያለቀ ነገር የለም። ወንዶቹ ናቸው በሴት የጀመሩት!

«ልጄ፣ ቁልፉ የታለ?»

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ የነበረው ቀርቶ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ተባለ። ለሴት ልጅ 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜም 18 ሆነ። ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት እናት ጃንጥላዬ ሥር መጣች። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ፍቺ ትፈልጋለች፤ ትንሹ ልጇም ከሷ ጋር እንዲቀር ትፈልጋለች። ምን ሆና እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሥራ ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍብኛል። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል። ልጄ በትኩሳት ሲቃጠል በመስኮት ነው ለጎረቤት ያቀበልኩት» አለችኝ።

እኔ ምን ጻፍኩ? «በመካከላችን በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት አብሮ መኖር ስላልተቻለ...» ብዬ ጻፍኩ። ሌላውንም እንዲሁ በለመድኩት ቋንቋ አሳምሬ ጨረስኩ። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና፣

«ልጄ፣ ቁልፉ የታለ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ፍርድ ቤት ቁልፍ አይፈልግም። በሕግ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚባለው» አልኳት። በአውራ ጣቷ ፈረመች። ገንዘቤን ተቀበልኩ። «ቀጣይ!» አልኩ።

ከወራት በኋላ ተመለሰች። ዳኛው ፊት ስለ ቁልፉ ስትናገር የባሏ ጠበቃ ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ በአቤቱታዋ ላይ የለም፤ ልጁን ለመውሰድ አሁን የፈጠረችው ነው» አለ። ልጁ ለአባቱ ሆነ። ዳኛውን አልወቅስም፤ ፊቱ የነበረው እኔ የጻፍኩት ወረቀት ነው። ጠበቃውንም አልወቅስም፤ እንጀራው ነው። ያችን እናት ሐሰተኛ ያደረጋት የኔ ጣት ነው። እሷ እውነቷን ሁለቴ ተናገረች። አንዴ ለኔ፣ አንዴ ለዳኛው። መሐል ላይ ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ሕግ የምትማር የእህቴ ልጅ ይህን ታሪክ ስነግራት «እትዬ፣ ይኼ እኮ የተጻፈበት ነገር ነው» አለችኝ። ሎሬይን ኮድ የምትባል ካናዳዊት ፈላስፋ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማወቅ ራሱ ኃላፊነት እንዳለበት ጽፋለች። ሰው የሚጠየቀው ባደረገው ብቻ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ባወቀበት መንገድም ነው ማለቷ ነው። እንግሊዛዊቷ ሚራንዳ ፍሪከር ደግሞ በ2007 ሁለት ዓይነት በደል ለይታ አሳየች። አንደኛው፣ ተናጋሪዋ ማን እንደሆነች ታይቶ ቃሏ ገና ሳይመዘን ሲቀልል ነው። ሁለተኛው፣ የደረሰባትን ነገር የምትጠራበት ስም አገሩ ሳይኖረው ሲቀር ነው። ለካ እኔ ሳልማር የሠራሁት ኃጢአት በመጽሐፍ ስም አለው!

ጠለፋ ስሙ ማን ነበር?

ይህ ሁለተኛው በደል በኛ አገር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጠለፋን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ስሙ የሠርግ ስም ነበር። «ጠልፎ አገባት» ነበር የሚባለው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተሰጥቶ ያልቃል። ሕጉም አግዞታል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። «ፈቅዳ ካገባችው» ይላል ወረቀቱ። ታግታ ከተደፈረች በኋላ ፈቃድ የሚባለው ከየት ነው የሚመጣው?

በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ፣ ሲከታተላት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጠበቃ ያቆመላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ይዘው ተከራከሩ። በመጨረሻም ልጅቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። አያችሁ፣ ክርክሩ ጥይቱ ከማን እጅ ወጣ የሚል አልነበረም። ይህች ልጅ ሙሽራ ናት ወይስ እገታ ያመለጠች ሕፃን የሚል ነበር። ነገሩ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ሁለት ነው። ፍርዱም የስሙን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አደረገው። ማግባቱም ከቅጣት አያድነውም አለ። አበጀህ ነው! ግን እዚያው ሕግ ላይ፣ አንቀጽ 620ን ክፈቱት። አስገድዶ መድፈር የሚለው «ከጋብቻ ውጭ» የተፈጸመውን ነው። ትዳር ውስጥ በጉልበት የሚሆነው ዛሬም በሕግ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር አንዲት ሚስት ምን ብላ ታመልክት? ጸሐፊውስ ምን ብሎ ይጻፍላት? «አለመግባባት» ነዋ!

የማን ታሪክ ነው?

የዚያችን ልጅ ስም ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም። ታሪኳ «ድፍረት» በሚል ርዕስ ፊልም ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ድፍረት በኛ ቋንቋ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኬን ያለፈቃዴ ተጠቀሙበት ብላ አቤት ያለችው ማን ትመስላችኋለች? እሷው ባለታሪኳ! በኋላ እገዳው ተነስቶ ፊልሙ ታየ።

ፊልሙ ክፉ ነው አላልኩም። ብዙ ሰው ስለ ጠለፋ ያወቀው በሱ ነው። ግን ነገሩ እንድናስብ ያደርገናል። ለሴት ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሰው እንኳ «ታሪክሽን ልናገረው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔም ያችን እናት ልረዳት ነበር እኮ የጻፍኩት! በጎ ሐሳብ መስማትን አይተካም።

ሰሚውን ዝም ማሰኘት

ጎረቤትና ጸሐፊ ብቻ አይደለም ጆሮውን የሚደፍነው። መንግሥትም ያውቅበታል። ያ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ደጋግማ አቤት ብላ ሰሚ ያጣች አንዲት ሴት ጉዳይ ላይ ፍትሕ ሚኒስቴርን በአደባባይ ስለነቀፈ፣ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ታገደ። የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው የተነሳው በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ አሥር ዓመት ያህል ስንት ሴት የምትነግረው ጠበቃ አጥታ ተመለሰች? ተናጋሪውን ማፈን አንድ ነው። ሰሚውን ማፈን ግን ሁለቱንም ማፈን ነው።

እነዚያው ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ሠሩ። ሴት እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እልልም ብያለሁ። ግን እላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ እታች መንገድ ዳር ያለችው ጸሐፊ ቁልፉን ጥላ ከጻፈች ወንበሩ ምን ይሰማል?

እና ምን ይሁን?

እዚያ ጥግ የተቀመጡት አባቴ ገና ስጀምር «ታዲያ ሴት ያለችውን ሁሉ እንመን ወይ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይደለም! ሴትም ትዋሻለች፤ ሴትም ታጠፋለች። ይኸው እኔ ሴት ሆኜ አይደል ሴት የበደልኩት? እኔ የምለው፣ ከመመዘናችሁ በፊት ስሙ ነው። በተናገረችው ልክ ስሙ። ከዚያ ጠይቁ፤ ምስክር ፈልጉ፤ አጣሩ። ለባልየው ቃል የምታወጡትን ሚዛን ለሷም አውጡላት። ያልሰማኸውን ነገር እንዴት ትመዝነዋለህ?

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ የሰው ቃል የምትጽፉ ሁሉ፣ ጸሐፊም ሁኑ ፖሊስ ወይም ጋዜጠኛ፣ እንዳለችው ጻፉ። አንብቡላት። «ይሄ ያንቺ ቃል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይደለም» ካለች ቀደዱት። ስሟ እንዲወጣ ካልፈቀደች አታውጡት።

ሁለተኛ፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት ልታስታርቁ ስትቀመጡ ባሏ ፊት ብቻ አትጠይቋት። እሱ አጠገቧ ሆኖ «ምን አደረገሽ?» ማለት፣ «ምንም አላደረገኝም በዪ» ማለት ነው። ለብቻዋ ስሟት። ከመሐላችሁም ሁለት እናቶች ይቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቶች። የዛሬው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው። ግን ጩኸት ያሳልፋል፤ ሞክሬዋለሁ። ስትሰሙ በሩን አንኳኩ። ስኳር ልበደር ብላችሁም ቢሆን አንኳኩ! ጠዋት ደግሞ «በር መታኝ» ስትላችሁ ስኒ ከማቀበላችሁ በፊት «የትኛው በር?» በሏት።

ያችን እናት በኋላ ፈለግኳት። ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄደች የነገረኝ ሰው የለም። ይቅርታ ልላት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ሰው አቤቱታ ሲያጽፈኝ፣ ጨርሼ ሳላስፈርም ራሴን አንድ ነገር እጠይቅ ነበር። ቁልፉ የታለ?

እናንተም ጠይቁ። እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።