የቤት ማሻሻያና ዋጋው፤ ከማንኪራ እስከ ቦንጋ



የቡናው ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ እጁ ሲገባ ቤቱን ለማደስ የሚነሣ የማንኪራ አባወራ፣ ባለሙያውን «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል። ይበልጥ የሚበጀው ጥያቄ ግን «የትኛውን ላስቀድም?» የሚለው ነው። ቤት መጠለያ ብቻ አይደለም፤ ችግር ሲመጣ የሚሸጥ፣ ዕድሜ ሲገፋ ለልጅ የሚተላለፍ ጥሪት ነው። ያለ ቅደም ተከተል የወጣ ገንዘብ ይህን ጥሪት አያሳድገውም።

እንደሚታወቀው፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ ከግል ይዞታነት ከወጣ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ደንግጓል። ሆኖም በአንቀጽ 40፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ዘላቂ ማሻሻያ ሙሉ መብት ሰጥቶታል። ይህም የመሸጥን፣ የማውረስንና ካሳ የመጠየቅን መብት ያጠቃልላል። እንግዲህ ገዢ የቦታውን አቀማመጥ በልቡ ቢመዝንም፣ ባለቤቱ በሕግ የሚያስተላልፈው ሀብት ግድግዳው፣ ጣሪያውና መሠረቱ ነው።

ገበያው ግን በሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት አይደለም። በዴቻ ወረዳ በማንኪራ፣ የእርሻው መሬት የማይሸጥ በመሆኑ ለቤቱ ብቻ የሚመጣ ገዢ ጥቂት ነው። ስለሆነም የማሻሻያው ትርፍ በዋናነት በቤቱ ዕድሜ ይለካል። ቦንጋ ግን በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆናለች። በዚያ ገዢው ቤቱን ዞሮ ያያል፤ ሰነዱንም ይመረምራል። የግንባታ ፈቃድ ሳይኖረው የተቀጠለ ክፍል ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ጭቅጭቅ ይጨምራል።

በሁለቱም ስፍራ የጭቃ ቤት ዋና ጠላት ውሃ ነው፤ ምስጥም እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 500 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 25 ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ በግድግዳው ሥር ከፈሰሰ፣ ምርጊቱ ይረግፋል፤ የቋሚው እግር ይበሰብሳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ ይጠገን፤ ክፈፉ ከግድግዳው በደንብ ይውጣ፤ አሸንዳና የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራ። ቀጥሎ ቋሚዎቹ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁሙ። ሦስተኛው መጸዳጃውና ጭስ የማይታፈንበት ማድቤት ነው። ልስን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሲሚንቶ ልስን ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይላወስ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው እርጥበትም ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ቀለም የመጨረሻው ነው። የተቀባው ግድግዳ ለአንድ ወቅት ዓይን ይስባል፤ ልምድ ያለው ገዢ ግን ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን እግር ያያል።

ይህ ቅደም ተከተል ከአንድ ቤተሰብ ኪስ አልፎ የሚሄድ ጥቅም አለው። ማንኪራ የአረቢካ ቡና መገኛ ተብላ የምትጠራ ናት፤ የከፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የበሰበሰው ቋሚ የሚተካው ከዛፍ ነው። የአንዱ ቋሚ ዕድሜ በእጥፍ ሲረዝም፣ ለዚያ ቤት የሚቆረጠው እንጨት በግማሽ ይቀንሳል።

የባለሙያው ግዴታም ከዚህ ይመነጫል። ደንበኛው ዓይነ ግቡውን ሥራ ሲያዝ እሺ ብሎ መቀበል ይቀላል፤ ክፍያውም ቶሎ ይገኛል። ነገር ግን የዓመት ላብ የሆነ ገንዘብ አንዴ ከወጣ እስከሚቀጥለው አዝመራ አይመለስም። ስለሆነም ገንዘቡ ሳይወጣ «ቀለሙ ይቆይ፤ አስቀድሞ ውሃው ይውጣ» ብሎ መምከር ከሙያው የሚጠበቅ ታማኝነት ነው።