የሥራ መምህር ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ መምህራን ብዙ ምስጋና ተነግሯል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ጥቁር ሰሌዳ ስለሌለው፣ ስለ ማስተማሩም ደመወዝ ስለማይከፈለው አንድ መምህር ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ። ይኸውም በሥራ ቦታ አዲስ ገቢውን የሚያስተምር ሠራተኛ ነው።

ባለፈው ክረምት አጎቴ በላፍቶ አካባቢ ወደሚሠራበት ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። በፊዚክስ ጥሩ ማርክ አግኝቼ ስለ ነበር የማይከብደኝ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን የአንድ ሚኒባስ ጎማ እንድገጥም ታዘዝሁ። አንዱን ብሎን ጨርሼ ወደ ጎረቤቱ እያለፍሁ፣ ዙሪያውን በተራ አጠበቅሁና እጄን ጠረግሁ። በዚህ ጊዜ በዕድሜ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ አንድ ረዳት መጣና ጎማውን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ጎማ በደንብ አልተቀመጠም» አለኝ። አልሳቀብኝም፤ አለቃም አልጠራብኝም። ብሎኖቹን አላልቶ መፍቻውን መልሶ ሰጠኝ። «አንዱን ስታጠብቅ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ያዝ። መጀመሪያ ሁሉንም ለስለስ አድርገህ፣ ከዚያ አጥብቅ። መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ደግሞ እንደገና አጥብቀው» አለኝ። በዚያ ሚኒባስ የሚሳፈሩት እንደ እናንተና እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን ያሰብሁት ማታ ቤቴ ስገባ ነው።

ዋናው መካኒክ የረጅም ዘመን ባለሙያ ነው። ነገር ግን ሥራው እንደ መተንፈስ ስለ ቀለለው ጀማሪውን ምን እንደሚያስቸግረው ዘንግቶታል። ረዳቱ ግን የትናንት ስሕተቱን ገና አልረሳም። ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ ከሁሉ የሚቀርበው መምህር፣ በመንገዱ ላይ ጥቂት እርምጃ የቀደመው ሰው ነው።

ይህ አሁን የተጀመረ ነገር አይደለም። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ እንላለን፤ ግንበኞችም ፌሮ ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ግን እምብዛም አናገኛቸውም። ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ኖረው እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ሙያውም የመጣው ከቃላቱ ጋር በዚያው መንገድ ነው።

ሕግም ይህን ትምህርት አልዘነጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ ሰው በሥራ ላይ ሙያ ለመልመድ ውል እንዲገባ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነት፣ ጊዜውንና የሚከፈለውን እንዲገልጽ ያዛል። ውሉ ሲያበቃም አሠሪው ለለማጁ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ባሉት ተቋማት ለሚማሩም የትብብር ሥልጠና የሚባል አለ። ለዚህ ሥልጠና የተያዘው መርሕ 30 ከመቶው በተቋም፣ 70 ከመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ነበር።

ይሁን እንጂ የእኔ መምህር ውል አልነበረውም። አባቱ ሲሞቱ ከ6ኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ። አራት ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ «ወረቀትህ የት አለ?» ይሉታል። ሙያን በሥራ ላይ የለመደ ሰው በተቋም ባይማርም የሙያ ብቃት ምዘና ሊወስድ እንደሚችል አያውቅም ነበር። ይህን የነገርሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን፤ እኔ የጽሑፉን ጥያቄ አነብለታለሁ፣ እርሱ ደግሞ ነገሩን በብረቱ ላይ ያሳየኛል። ገና አልተፈተነም። የሚፈተንበትን ቀን ከራሴ ፈተና ይልቅ እፈራዋለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ወይም የብየዳ ቤት ያላችሁ ትኖራላችሁ። ለልምምድ የሚመጣውን ተማሪ መጥረጊያ ብቻ አታስይዙት፤ መፍቻም ስጡት። ጠጋ ብሎ የሚያሳየውንም ሠራተኛ «ጊዜ ታባክናለህ» ብላችሁ አትቈጡት። እናንተም ጓደኞቼ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ከእናንተ ያነሰ ክፍል የተማረውን ሰው ለመጠየቅ አትፈሩ። ያስተማራችሁም ሰው ሳያነብ የቀረው ወረቀት ካለ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት።