ሰማንያ የደፈኑ አባት

እሷ፦ ዛሬ ወጋችን በደቡብ ወሎ፣ በማሻና በመካነ ሰላም አካባቢ ስላሉ አዛውንት ገበሬዎች ነው። ልጆች ከከተማ ኬክ ይዘው ገብተው «አባዬ፣ እንኳን ሰማንያ ደፈኑ!» ይላሉ።

እሱ፦ ቆይ እንጂ፣ የልደት ቀናቸውን ማን መዘገበው?

እሷ፦ ቀኑን ማንም። ዘመኑን ግን ያውቁታል። «ጣሊያን በወጣ ዓመት» ካሉህ 1933 ነው። በ2013 ሰማንያ ሞላቸው።

እሱ፦ እንግዲህ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የ34 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። በ77ቱ ድርቅ ደግሞ ልጆች ያፈሩ አባወራ።

እሷ፦ በሬ ያለቀበት፣ ዘር የተበላበት ጊዜ! ከዚያ ወዲያ እንደገና ማረስ ቀላል ነው?

እሱ፦ የት ቀሎ! ጤፍ እኮ ደጋግመው ካላረሱለት አይሆንም። አረሙ አለ፣ አጨዳው አለ፣ ውቂያው አለ።

እሷ፦ ታዲያ ኬኩ ቢያንሳቸው እንጂ ይበዛባቸዋል?

እሱ፦ ኬኩን አልጠላሁም። ግን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ገበሬው በሰማንያውም ሞፈር አልጣለም። ስጦታው ጉልበት ይሁንላቸው።

እሷ፦ ምን ዓይነት ጉልበት?

እሱ፦ በአጨዳ ወቅት መጥቶ አብሮ ማጨድ። ካልተቻለም ለቀን ሠራተኛ መክፈል፣ የጤና መድን መዋጯቸውን መሸፈን።

እሷ፦ እዚህ ላይ ተስማማን። ድግሱን ግን አትከልክለኝ፤ ቡና ይፈላ፣ ሙስሊም ክርስቲያኑ ጎረቤት ተጠርቶ ይመርቃቸው።

እሱ፦ መራቂውማ እሳቸው ናቸው!

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። አድማጮቻችን፣ አባታችሁ በየትኛው ዘመን ተወለዱ? ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁና ጻፉት።