ጥምቀትና ድኅነት፦ «የግድ» የሚለው ቃል ማንን ያስገድዳል?



እ.ኤ.አ. በ392 የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዋሌንጢኒያኖስ በጋሊያ ምድር በ21 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። ንጉሡ ንኡሰ ክርስቲያን እንጂ የተጠመቀ አልነበረም። የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ መጥቶ እንዲያጠምቀው ልኮበት ሲጠባበቅ ሞት ቀደመው። አምብሮስዮስ በቀብሩ ላይ ሲናገር፣ እኅቶቹን ያስጨነቃቸው የወንድማቸው መሞት ብቻ ሳይሆን ሳይጠመቅ መሞቱም እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይኸው ጭንቀት ነው፦ ጥምቀት ለድኅነት የግድ ያስፈልጋልን?

ጥያቄው ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነሣል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ለኒቆዲሞስ የሰጠው መልስ ከውኃና ከመንፈስ መወለድን የእግዚአብሔር መንግሥት መግቢያ ያደርገዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግን ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ፣ መጠመቁ ሳይነገር የገነት ተስፋ ተሰጠው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በቆርኔሌዎስ ቤት በተሰበሰቡት ላይ የወረደው ከመጠመቃቸው አስቀድሞ ነው። ጴጥሮስ ግን «መንፈስን ተቀብለዋልና ጥምቀት ይቅር» አላለም፤ እንዲጠመቁ አዘዘ። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወገን ለብቻው ሊወስደው አይችልም።

አምብሮስዮስ ለእኅቶቹ የሰጠው ማጽናኛ ግልጽ ነበር፤ ወንድማቸው ጥምቀትን ለምኗልና የለመነውን ተቀብሏል። ሳይጠመቁ የተገደሉ ሰማዕታት በደማቸው ከነጹ፣ እርሱንም እምነቱና ፈቃዱ አንጽተውታል። ይህ አሳብ በምዕራብ ሊቃውንት ዘንድ «የምኞት ጥምቀት» የተባለውን ትምህርት አጸና። እ.ኤ.አ. በ1547 የትሬንት ጉባኤም የጥምቀትን አስፈላጊነት ሲደነግግ፣ ጥምቀትን መሻትን በውሳኔው አካተተ።

ነገር ግን መሻት የማይችለው ሕፃንስ? አውግስጢኖስ ከጲላግዮስ ደጋፊዎች ጋር ሲከራከር፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው እጅግ የቀለለ ቢሆንም ከኩነኔ አያመልጡም አለ። ካልቪን በአንጻሩ የአማኞች ልጆች በቃል ኪዳኑ ውስጥ ናቸውና አዋላጆች በችኮላ የሚፈጽሙት ጥምቀት አያስፈልግም ሲል ተቃወመ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ሕፃኑ ለሞት ሲያሰጋ ግን ቀኑ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የካቶሊክ ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ለእነዚህ ሕፃናት መዳን ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለ ገለጸ።

እንደ እኔ አስተያየት ክርክሩን የሚያወሳስበው «የግድ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ነው። ትእዛዙን ሰምቶ መፈጸም የሚችለውን ሰው ጥምቀት ያስገድደዋል፤ እግዚአብሔርን ግን አያስገድደውም። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ በአንድ በኩል ልጇን ያጣች እናት ያለ መጽናኛ ትቀራለች፤ በሌላ በኩል ጥምቀት ቢቀርም የማይጎዳ ጌጥ ይመስላል። የአምብሮስዮስ ማጽናኛ ለተከለከለው እንጂ ለናቀው የተነገረ አይደለም። ያ ንጉሥ ጥምቀትን ፈልጎ አጥቷል፤ አግኝቶ የሚተወው ሰው ግን በእርሱ ታሪክ ሊመካኝ አይችልም።