የ20 ወሩ ሕክምና እንዴት አጠረ?

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ቀድሞ 20 ወር ያህል መታከም ነበረበት፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በመርፌ ጭምር። መሃል ላይ ቢያቋርጥ ማን ይፈርድበታል?

ከ9 እስከ 11 ወር ይበቃ ይሆን? ስትሪም የተባለው ጥናት ይህን ጠየቀ። ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ተሳተፉ፤ የአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ነበረበት። ታካሚው ከረጅሙና ከአጭሩ ሕክምና ወደ አንዱ የተመደበው በዕጣ ነበር። ሐኪሙ ጠንከር ያለውን ሰው ለአዲሱ ሕክምና ቢመርጥ ውጤቱ ባልታመነ ነበር። ደግሞም፣ ይህን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል፣ ማንም ያለ ፈቃዱ ወደ ጥናት አይገባም፤ የገባም በፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ ሕክምና ሳይነፈገው።

ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ታተመ። ከ100 ታካሚዎች በረጅሙ 80፣ በአጭሩ 79 ያህሉ ጥሩ ውጤት አገኙ።

አጭሩም ሕክምና ግን መርፌ ነበረበት፤ መርፌው ደግሞ ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር በመርፌው ፈንታ ቤዳኩሊን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ተሞከረ። በ2022 በታተመው ውጤት፣ በክኒን ብቻ ከታከሙት ከ100 ሰዎች 83ቱ፣ መርፌ ከወሰዱት 71ዱ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል።