«ሞት ሰፈር እየመረጠ ነው!»

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ሞት ለሁሉም እኩል ነው ሲባል በየለቅሶው ሰምተናል። ነው እንዴ? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቆሼ፣ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

እዚያ ጥግ ጎጆ የቀለሰው ሰው እኮ ሽታው ማርኮት አይደለም! የቤት ኪራይ ገፍቶት ነው፤ ከክምሩ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅሞ ለመሸጥ ነው። ደግሞ አደጋው ዱብ ዕዳ ነው እንዳትሉኝ። ቆሼ ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሞላ በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መጓዝ ጀምሮ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብለው ተነሡ። እውነታቸውን ነው! መኪናው ተመልሶ ቆሼ ገባ። የቆሼን ሰው ማን ይስማው? ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ።

ይሄ በአንድ ሌሊት ስለሆነ ተቆጠረ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ እየማገ የሚያድገው ሕፃንስ? ሃያ አባወራ በሚጋራው ሽንት ቤት ምክንያት ተቅማጥ የሚጨርሰውስ?

መቁጠር ዋጋ እንዳለው አይተናል። ሟች የሚመዘገብበት ወግ ያለው ሥርዓት ባለመኖሩ፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመቃብር ሥፍራው ቀብር ያስመዘግቡ ነበር። (መንግሥት በአገር ደረጃ ሞት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ነው፤ መቃብር ቆፋሪው ቢሮክራቱን ቀደመው ማለት ነው!) ኤድስ የከተማዋን ጎልማሶች እንዴት እንዳጨደ የታየው በዚያ መዝገብ ነው። መድኃኒቱ በክፍያ ሳለ ገንዘብ ያለው ይውጠው ነበር። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር የቀብሩ ቁጥር ወረደ። ቫይረሱ ያው ነው። የተለወጠው ዋጋው ነው።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ከየወረዳው በየዓመቱ ስንት ሰው፣ በስንት ዕድሜው፣ በምን እንደሞተ በግልጽ ያውጣልን። የቦሌውን ባለቪላና የቆሼን ጥግ ነዋሪ ጎን ለጎን እናስተያይ። ከዚያ በኋላ ውሃው፣ ሽንት ቤቱና ቤቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።