ስለ ትንሿ የጨዋታ ኮምፒዩተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 የመረጥነው አርእስት ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም ለጨዋታ የምትሆን ትንሽ ኮምፒዩተር ዕቃዎቿ እንዴት እንደሚመረጡና ኋላም እንዴት እንደምትሻሻል ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የዚህችን ኮምፒዩተር ዋጋ የምንጠይቀው ከወላጆቻችን ኪስ ነው፤ ቤታችንም ጠባብ ስለ ሆነ ከጠረጴዛ ጥግ በቀር ቦታ የለንም፤ በዚያው ኮምፒዩተር ትምህርታችንንም እናጠናለን። ስለዚህ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይወጣ ማሰብ የእኛ የልጆች ድርሻ ነው።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ኬዙ፣ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ለነገ ታስበው ይገዙ፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ግን ለዛሬ በሚበቃው መጠን ይገዙ። ምክንያቱን እንዘርዝር፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በብዛት የሚገባው ሚኒ አይቲኤክስ የተባለው ማዘርቦርድ ነው። ይህን ልክ ያወጣው በ2001 ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሲሆን፣ ርዝመቱም ወርዱም 170 ሚሊሜትር ነው። የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፤ የራም ማስገቢያውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይበልጥም። እንግዲህ ሁለቱን ቦታ በትንንሽ ራም የሞላ ሰው፣ ሲሻሽል የቀደመውን አውጥቶ መጣሉ ነው። አንዱን ቦታ ባዶ መተው ደግሞ የጨዋታውን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ሁለት ተመሳሳይ ራም ባንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል።

በትልቅ ኬዝ ውስጥ ስሕተት ቦታ ያገኛል፤ በትንሹ ግን አያገኝም። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ ኬዙ የሚፈቅደውን የካርድ ርዝመት፣ የካርድ ውፍረትና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ቁመት በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ትንንሽ ኬዞች ኤስኤፍኤክስ የተባለውን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ እንጂ ትልቁን አይቀበሉም።

ከልክ ቀጥሎ የሚታሰበው ሙቀት ነው፤ ካርድ የሚበላው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣልና። በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ሲፈልግ፣ በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ይሠራል። እርግጥ የፊተኛው 12 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያለው ሲገኝ፣ የኋለኛው ያለው 8 ብቻ ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ ጨዋታዎችም የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆናል። ቢሆንም ለጠባብ ኬዝ ሙቀቱ ያነሰውን እንመርጣለን። በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት በቆላ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። የአቧራ መከላከያውንም በየጊዜው ማጽዳት ይገባል።

ስለ ማሻሻል ደግሞ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኤኤም4 የተባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ በ2016 ወጣ፤ በ2017 የተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶችም ባዮሳቸው ሲታደስ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ተቀብለዋል። ማዘርቦርዱን በማስተዋል የመረጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ለወጠ ማለት ነው። ዛሬ ለሚጀምር በ2022 የወጣው ኤኤም5 አለ። በዚያ ላይ እንደ ራይዘን 5 8600ጂ ያለ፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ቢገባ ካርድ ሳይገዙ ቀለል ያሉትን ጨዋታዎች መጫወት ይቻላል። ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? ይህ የሚሆነው ግን ኬዙ ለወደፊቱ ካርድ ቦታ ሲኖረው፣ ፓወር ሰፕላዩም አቅም ሲኖረው ነው፤ ለአርቲኤክስ 4060 የሚመከረው 550 ዋት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ግን በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ ለሚያሳይ ስክሪን እጅግ ውድ የሆነውን ካርድ ይመኛሉ። ካርዱ 150 ሥዕል ቢሠራ ስክሪኑ 60ውን ብቻ ያሳያል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚያድን ዩፒኤስ ቢገዛ ይበልጥ ይጠቅማል።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ኮምፒዩተር ግዙልኝ ሲል ስለ ጨዋታ ብቻ ቆጥታችሁ አትመልሱት፤ ዋጋውንም ሰምታችሁ ብቻ እሺ አትበሉት። ልኩን፣ ዋቱንና የሚቀጥለውን ማሻሻያ የጻፈበትን ወረቀት አምጣ በሉት። ወረቀቱን አስቦ የጻፈ ልጅ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርቱን በሥራ ላይ አውሏል፤ ገንዘባችሁንም አክብሯል። እናንተም ታናናሾቻችን፣ ከመመኘት በፊት መለካትን ልማድ አድርጉ።